ወፍጮአችን የሚፈጨው ሪፖርትዎ ላይ ብቻ ነው

ለወረዳችን ዋና ሥራ አስፈፃሚ

ጉዳዩ፦ ከ14 ወር በፊት ሪባን ስለቆረጡለት ወፍጮ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። ወፍጮው መብራት እንዲገባለት ማኅተም ያረፈባቸው 4 ደብዳቤዎች አስገብተናል። የመጀመሪያው መዝገብ ቤት ገብቶ ጠፋ። ሁለተኛው "ለሚመለከተው ተመርቷል" ተባለ። የሚመለከተው ማን እንደሆነ የሚነግረን ግን እስካሁን አላገኘንም። ሦስተኛውን "እየታየ ነው" አሉን። አራተኛውን ይዤ ስመጣ ጸሐፊዎ "አንተ ደግሞ አይሰለችህም?" አለችኝ። ኧረ ሰልችቶኛል። ግን ወፍጮው የእኔ አይደለም፣ የ18 እናቶች ነው።

ቀኑን የሚያስታውሱት ይመስለኛል። መስከረም 2017፣ ቅዳሜ ጠዋት። እርስዎ የክብር እንግዳችን ነበሩ። ዳቦ ቆረሱ፣ ሪባን ቆረጡ፣ ከወፍጮው ጎን ቆመው ፎቶ ተነሱ። ስለ ሴቶች የኢኮኖሚ አቅም ረዘም ያለ ንግግርም አደረጉ። እናቶቹ እልልታውን አቀለጡት። የተናገሩበት ማይክ የሚሠራው ከጎረቤት ግቢ በተሳበ ገመድ ነበር። ያኔ ነው መጠርጠር የነበረብን።

እነዚህ እናቶች የራስ አገዝ ቡድን አባላት ናቸው። አሠራሩ ከህንድ የመጣ ነው፤ ለእኛ ሰው ግን እንግዳ አልሆነበትም፣ እቁብና እድር ያውቃላ። ልዩነቱ እዚህ ብሩ ለባለ ዕጣ ተሰጥቶ አያልቅም። ይጠራቀምና አባላቱ እርስ በርስ ይበደሩታል፣ በትንሽ ወለድ ይመልሱታል። በሳምንት 5 ብር እያዋጡ ነው የጀመሩት። ከ5 ብሩ በፊት ብዙዎቹ በሰው ፊት ስማቸውን ጮክ ብለው ለመናገር እንኳ ያፍሩ ነበር። ዛሬ የሒሳብ መዝገቡን የምትይዘው እናት እኔ ስሳሳት ታርመኛለች። ቋሚ ሰብሳቢ የላቸውም፤ ስብሰባውን በየሳምንቱ እየተቀያየሩ ነው የሚመሩት። አንድ ባለሙያዎ "ሰብሳቢያችሁ ማናት?" ብሎ ጠየቃቸው። "የዚህ ሳምንቷ ናት ወይስ የሚቀጥለው?" ሲሉት ቅጹ ላይ የሚሞላው አጥቶ ቁጭ አለ።

ቡድኑን የሚያግዘው የእኛ ድርጅት ትንሽ ነው፤ የራሳችን መኪና እንኳ የለንም። ብር አናድልም፣ ሥራችን አብሮ መቀመጥና መዝገብ አያያዝ ማስለመድ ነው። እናቶቹ በ6 ዓመት ካጠራቀሙት 80,000 ብር አወጡ። የቀረውን እኛ ሞላንና የበርበሬና የሽሮ ወፍጮ ገዛን። ገበያው አለ። የሰፈሩ ሰው ልጁ ዓረብ አገር ነው፣ አሜሪካ ነው። በርበሬና ሽሮ የማይልክ የለም።

ወፍጮው ሦስት ፌዝ የሚባለውን ጠንከር ያለ የኤሌክትሪክ መስመር ይፈልጋል። ያለበት ቤት ደግሞ የቀበሌ ቤት ነው። ስለዚህ መስመሩ እንዲገባ ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። አንድ ገጽ፣ ምናልባትም ግማሽ ገጽ። ለእሷ ስንል ነው 14 ወር ደጅ የጠናነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሲስተም የለም፣ የበጀት መዝጊያ ነው፣ አዲስ መዋቅር እየተጠና ነው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

በመጨረሻ አንድ ባለሙያ አዘነልንና እውነቱን ነገረን። ደብዳቤው እንዲጻፍ ቡድኑ ፈርሶ በእናንተ በኩል በአዲስ መልክ መደራጀት አለበት። ከእናንተ የስም ዝርዝር ውስጥም 5 ሰዎች በአባልነት መግባት አለባቸው። "በጽሑፍ ስጡን" አልን። ሳቀ። እነዚያ 5 ሰዎች እነማን እንደሆኑ አናውቅም። የሥራ ፈላጊ ወጣቶች ከሆኑ አንጠላቸውም። ግን የ6 ዓመቱን 5 ብር፣ 10 ብር ያዋጣው ማነው? ክረምት ከበጋ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ የተሰበሰበውስ?

ሕጉን ያውቁታል፣ ላስተምርዎ አልተነሳሁም። አዋጅ 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኘውን ድርጅት ስለ ሴቶች መብት እንዳይሠራ ከልክሎ እንደነበር፣ በአዋጅ 1113/2011 እንደተሻረም ያውቃሉ። አዲሱ አዋጅ ሲወጣ እኛ እንደ ሠርግ ነበር የቆጠርነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 ስለ መደራጀት፣ አንቀጽ 43 ደግሞ ሰው ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን እንዲጠየቅ የሚለውንም ያውቃሉ። ይኸው አዲሱ አዋጅ ለአስተዳደር ወጪ ከገቢያችን ከ20 በመቶ በላይ እንዳናወጣ ያዘናል። ትክክል ነው፣ እንቀበለዋለን። ግን እርስዎ ጋ ለመመላለስ ያወጣነው የታክሲና የፎቶኮፒ ብር የሚመዘገበው የት ይመስልዎታል? እዚያው 20 በመቶ ውስጥ ነው። ኦዲተሩ "ይሄ ሁሉ ታክሲ የት የት ነው?" ሲለኝ የቢሮዎን አቅጣጫ በጣቴ አሳየሁት።

እስከዚህ ድረስ ዝም ብዬ እችለው ነበር። ዝም ማለት ያቃተኝ በሐምሌ ነው። የወረዳው የዓመት ሪፖርት ሲቀርብ እኔም ተጋብዤ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ስላይዱ ላይ ወፍጮአችን መጣ። ያው ፎቶ፣ ያው ሪባን። ከሥሩ "ለ18 ሴቶች ቋሚ የሥራ ዕድል ተፈጥሯል" ይላል። አዳራሹ አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እንኳን ደስ አላችሁ አለኝ። ምን ልመልስለት? ያ ወፍጮ እስከ ዛሬ አንድ ኪሎ በርበሬ አልፈጨም። በላስቲክ ተሸፍኖ ነው ያለው፤ በሳምንት አንድ ቀን አይጥ እንዳይገባበት እንፈትሸዋለን።

ከእናቶቹ አንዷን ላስታውስዎ። በምርቃቱ ዕለት ድፎውን ጋግራ ያመጣችው ናት፤ ስሟ እንዲጠራ አልፈለገችም። ወፍጮው በጥር ይጀምራል ብላ ከቡድኑ 6,000 ብር ተበደረች። ዛላ በርበሬ ረከስ ሲል ገዛች። ጠበቀች። ወፍጮው አልተነሳም። ግማሹን ተሸክማ ሌላ ሰፈር አስፈጨች፣ የማስፈጫና የማጓጓዣ ተደርቦ ትርፉ አለቀ። የቀረው ክረምት ገባበትና ሻገተ። አሁን ልብስ እያጠበች በሳምንት 150 ብር ትመልሳለች። አንድ ሳምንት አላሳለፈችም። ባለፈው "ልጄ፣ ወፍጮ ባይኖረኝ ዕዳ አይኖረኝም ነበር" አለችኝ። በእርስዎ ሪፖርት ቋሚ ሥራ ካገኙት 18 ሴቶች አንዷ እሷ ናት።

በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በድንገት ሲቆም ብዙ የሙያ ጓደኞቼ ሥራ ፈቱ። ያን ሰሞን በየስብሰባው "የውጭ እጅ ማየት ይብቃ፣ በራሳችን አቅም እንቁም" ተባለ። እርስዎም ብለዋል፤ እኔም ከልቤ አጨብጭቤያለሁ። ታዲያ እነዚህ እናቶች ምን እያደረጉ ነበር? ከውጭ አንድ ዶላር አልነካቸውም። በ5 ብር ቆመዋል።

የምጠይቀው ከሁለቱ አንዱን ነው። ወይ ደብዳቤውን ይጻፉልን፣ ወይ ከሪፖርትዎ ያውጡን። እኛ ጋ የቆመ ወፍጮ እርስዎ ጋ ሊሠራ አይችልም። ፎቶውንም ከቢሮዎ ኮሪደር ላይ ያንሱልን። እናቶቹ ለጉዳይ በመጡ ቁጥር በእሱ ሥር ተሰልፈው ሲጠብቁ ማየት ከበደኝ።

ሐሙስ የባለጉዳይ ቀን ነው። የቡድኑም የስብሰባ ቀን ነው፤ በዚህ ሳምንት ስብሰባችንን እርስዎ ጋ እናደርገዋለን። 18ቱም እናቶች፣ እኔን ጨምሮ 19 ሆነን፣ ከመዝገባችንና ከቁጠባ ሳጥናችን ጋር ጠዋት 2:30 ላይ እንደርሳለን። ወንበር ካልበቃ አይጨነቁ።

ከአክብሮት ጋር
የቡድኑ አመቻች

ግልባጭ፦
ለ18ቱ እናቶች
ለመዝገብ ቤት (ይቺኛዋ እንኳ እንዳትጠፋ)