ወደ አዲስ ዓለም ለሥራ ለመዛወር ለምታስቡ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ከአስኮ እስከ ቡራዩ ባለው አካባቢ የቤት ኪራይ ሰውን እያስጨነቀ ነው። በሆለታ ወይም በአዲስ ዓለም ከተማ ሥራ የተገኘለት ሰው «ጠቅልዬ ልግባ ወይስ እየተመላለስኩ ልሥራ?» ብሎ ሲያወጣና ሲያወርድ ይከርማል። በሰው ኃይል አስተዳደር ሙያ ላይ ስላለሁ ጥያቄው ከጠረጴዛዬ ጠፍቶ አያውቅም። ብዙዎች የሚያመዛዝኑት የደመወዙን ጭማሪና የኪራዩን ቅናሽ ብቻ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፤ የሥራው የሙከራ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ቤተሰብም፣ የነዋሪነት መታወቂያም ከቦታው ባይነቀል ይሻላል።

ከጭማሪው እንጀምር። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ግብር ይከፈልበታል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ደግሞ 7 በመቶ ነው። እዚህ እርከን ላይ ላለ ሠራተኛ «5,000 ብር ጨምረንልሃል» ሲባል 1,750 ብሩ ለግብር፣ 350 ብሩ ለጡረታ ይሄድና እጁ የሚገባው 2,900 ብር ነው። ጭማሪው በቤት አበል ስም ከተሰጠ ጡረታ ስለማይቆረጥበት 3,250 ብር ይደርሰዋል። ለጊዜው ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶም በአበሉ ላይ አይታሰብም፣ የጡረታ አበሉም የሚሰላው አበል ሳይጨመር በመደበኛ ደመወዙ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ምን ያህሉ ደመወዝ፣ ምን ያህሉ አበል እንደሆነ ለየብቻው ተጽፎ ካላያችሁ አትፈርሙ።

መመላለሱን ደግሞ እንየው። አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሆለታ ከእሷ በፊት በ40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናት። ከአስኮ ለሚነሣ ሰው ደርሶ መልሱ በቀን ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትበላ መኪና በወር 22 የሥራ ቀን 176 ሊትር ትጠጣለች ማለት ነው፤ በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ አባዙት። ጎማው፣ ዘይቱና ፍሬን ሸራው ገና አልተነኩም። በታክሲ ለሚሄድ ሰው ዋናው ችግር ወረፋው ነው፤ መኪናው እስኪሞላ መጠበቅ አለ፣ ሆለታ ላይ ወርዶ ሌላ መያዝ አለ። አስኮ መናኸሪያ ገብታችሁ ሾፌሮቹንና ረዳቶቹን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከአዲስ ዓለም የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ይነሣል? በዝናብ ወይም በጸጥታ ችግር መንገዱ ሲዘጋስ ሰው የት ያድራል? የሥራ መውጫችሁ 11 ሰዓት ተኩል ሆኖ መኪናው 12 ሰዓት ላይ የሚያልቅ ከሆነ መመላለሱን እርሱት።

የከተማዋን ታሪክ ለሚወድ ሰው አዲስ ዓለም የምትናቅ አይደለችም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ በማገዶ እጥረት ስትቸገር፣ መናገሻቸውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። በኋላ ባሕር ዛፉ ለአዲስ አበባ ደረሰላትና ዋና ከተማው እዚሁ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬም ከተማዋን የሚጎበኝ ሰው የሚሄደው ወደዚያ ነው። ይህ ነገር ለሠራተኛ የሚመለከተው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ በዓመታዊ ክብረ በዓል ሰሞን እንግዳ ስለሚበዛ መኪናም አልጋም ይጠፋል። ሁለተኛ፣ በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ተከራይቶ ግድግዳ ማፍረስ ወይም መስኮት ማስፋት በቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ አይቻልም። አሮጌ ቤት ይዛችሁ ካፌ ወይም እንግዳ ማረፊያ ለመክፈት የምታስቡ ኪራይ ከመክፈላችሁ በፊት ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ።

አሁን ወደ ቤቱ። ሰው ከምንም በላይ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ቤት የሚታየው በበጋ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐይ ወጥታ ነውና። ከተቻለ በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ሂዱ። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ነጠብጣብ ካለ ቆርቆሮው በምስማሩ ቀዳዳ እያፈሰሰ ነው። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ ካያችሁ መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ አፈሩ ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ ቢመርጉት ተመልሶ ይከፈታል። በጭቃ ቤት የግድግዳውን እግር በጣት ጫን ብላችሁ ፈትኑ፤ ከረገበ ውኃ ከሥር እየገባ ነው።

የመብራቱ ጉዳይ ሌላ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፔር ይወስዳል። በአንድ ቆጣሪ ሦስት ተከራይ በሚጠቀምበት ግቢ ሁለቱ በአንድ ሰዓት ምጣድ ከጣዱ ከ27 አምፔር በላይ ይሆናል፤ 25 አምፔር ብሬከር ይወርዳል፣ ብሬከር ከሌለ ደግሞ ሽቦው ይግላል። የግል ቆጣሪ የሌለው ቤት ከሆነ ሒሳቡ በሰው ቁጥር ነው ወይስ በክፍል የሚከፈለው? ምጣድ የሚጣድበት ቀንስ ተለይቷል? ጎረቤት ከጎረቤት የሚያጣላው ይህ ስለሆነ አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል።

ውኃ በሳምንት አንዴ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ሒሳቡን አስሉት። አራት ሰው ያለበት ቤት ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ቢያዝ በቀን 160፣ በሳምንት 1,120 ሊትር ይፈልጋል። የተለመደው የ1,000 ሊትር ሮቶ ገና ሳምንቱ ሳያልቅ ያልቃል፤ ፈረቃው በሦስት ቀን ቢዘገይ 1,600 ሊትር ያስፈልጋል። እንግዲህ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ መግዛት ነው፤ ሲሞላ ግን ሁለት ቶን ይመዝናል፤ በአፈር ላይ የቆመ እንደሆነ በክረምት አፈሩ ሲረጥብ ያዘነብላል፣ ቧንቧውን ይሰብራል። የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መቀመጫ ይሠራለት። አከራዩ «ጉድጓድ አለን» ካሉ ጉድጓዱ ከሽንት ቤቱ ቢያንስ 30 ሜትር መራቁን በእግራችሁ ለኩ፤ ካልራቀ ለማጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይሁን።

ስለ ኪራይ ውሉ በአጭሩ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የውሉን ዝቅተኛ ጊዜ ሁለት ዓመት፣ ቅድሚያ ክፍያውን ከሁለት ወር ያልበለጠ አድርጎታል፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። በምትሄዱበት ከተማ እየተሠራበት መሆኑን ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። የስድስት ወር ቅድሚያ አምጡ ከተባላችሁ ሥራው ባይሆንላችሁ ገንዘቡን ማስመለስ ከባድ ነው። ዕቃ በአይሱዙ ስትጭኑም የጫኝና አውራጁን ዋጋ በሁለቱም ጫፍ፣ መኪናው ሳይነሣ ተስማሙ።

ልጆች ያሏችሁ ይህን በጥሞና አንብቡ። በኦሮሚያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሕፃናት በአብዛኛው የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ፊደል ነው። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ ቋንቋውን ከጓደኞቹ ጋር እየተጫወተ ይይዘዋል፤ እድሜ ልኩንም ይጠቅመዋል። አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ ሲማር የነበረ 6ኛ ወይም 8ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ግን የክልል ፈተና የሚጠብቀው ስለሆነ በዚያ ዓመት ባይነቀል ይመረጣል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ዝውውሩ ይቀላል። ትልልቆቹም ብንሆን ቋንቋውን መማር ይገባናል፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤውም፣ የጎረቤት ቡናውም የሚሄደው በእሱ ነው።

መሸኛ የመጨረሻው ጉዳይ ይሁን። ከአዲስ አበባ ወረዳ መሸኛ ወስዶ መውጣት ቀላል ነው፤ ተመልሶ ገብቶ አዲስ መታወቂያ ማውጣት ግን ብዙ ሰው የተንገላታበት ነገር ነው። በ1997 ወይም በ2005 ተመዝግቦ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚጠብቅ ሰው የነዋሪነት ማጣራት ሊመጣ እንደሚችል አይዘንጋ። ቡራዩ ያለ ሰው መታወቂያው የሸገር ከተማ፣ የኦሮሚያ ክልል ስለሆነ ይህ ሥጋት አይመለከተውም።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ አሥር ሳምንት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። ስለዚህ አሥሩን ሳምንት አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ብቻችሁን ክረሙ፣ ቅዳሜ ማታ ወደ ቤተሰብ ግቡ። ወጪው ድርብ ይሆናል፤ ጠቅልሎ ሄዶ ከመመለስ ግን በእጅጉ ይቀላል። ሥራችሁን ይዛችሁ ድርጅቱ ራሱ ቦታ የቀየረባችሁ ደግሞ ሌላ ነው፤ አልሄድም ያለ ሠራተኛ ውሉ በማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ ይችላል፤ ማስጠንቀቂያውም እንደ አገልግሎቱ ዘመን እስከ አንድ ዓመት አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ሦስት ወር ነው። ከድርጅቱ ጋር ስለ ዕቃ ማጓጓዣና ስለ መኖሪያ መደራደር የሚቻለው ከመፈረም በፊት ነው።

ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከከተማ ውጭ ለሚሠራ ሥራ ማስታወቂያ ስታወጡ አሠሪው መነሻ ደመወዙን፣ አበሉን፣ የመጓጓዣ አገልግሎት መኖር አለመኖሩን፣ ሥራው የሚሠራበትን ትክክለኛ ቦታ ለየብቻው እንዲጽፍ ጠይቁልን። «በአዲስ አበባ ዙሪያ» የሚል ማስታወቂያ አንብቦ ተወዳድሮ፣ ሥራው አዲስ ዓለም መሆኑን ፊርማው ላይ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ፣ ከአስኮ