የውሻ ምዝገባ ከክትባት እስካልተነጠለ ድረስ ይጠቅማል

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ውሻን በአካባቢ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብና ፈቃድ ማውጣት ከወጪና ከእንግልት በቀር ለማንም የማይፈይድ አሠራር ነው የሚል የአንባቢ አስተያየት በዚሁ ገጽ ላይ ታትሞ አንብቤያለሁ። ጸሐፊው ሦስት ቅሬታዎችን አቅርበዋል፦ ክፍያው በሌላ ስም የተጣለ ግብር ነው፤ ከግቢ የማይወጣ ውሻ መመዝገብ አያስፈልገውም፤ ውሾቻቸውን በየመንገዱ የሚለቁ ሰዎች ከቶም ስለማይመዘገቡ ሸክሙ የሚያርፈው ሕግ አክባሪው ላይ ብቻ ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቅሬታ እውነትነት አላቸው ብዬ ስለማምን አቃልዬ አላልፋቸውም። ሁለተኛው ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። ከሦስቱም በፊት ደግሞ ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት ጉዳይ አለ፤ እርሱም ውሻው ሰው የነከሰ ዕለት የሚሆነው ነገር ነው።

ውሻ የነከሰው ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲሄድ አስቀድመው ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች መካከል ውሻው የማን እንደሆነ፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት መውሰድ አለመውሰዱና አሁን የት እንዳለ የሚሉት ይገኙበታል። ጥያቄዎቹ ለወግ ያህል የሚጠየቁ አይደሉም። በበሽታው የተለከፈ ውሻ ቫይረሱን በምራቁ ማስተላለፍ ከጀመረ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሕመም ምልክት አሳይቶ ስለሚሞት፣ የነከሰው ውሻ ተይዞ ለ10 ቀናት በክትትል ሥር ቆይቶ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላጋባም ተብሎ ይወሰዳል፤ ለተነከሰው ሰው የተጀመረውም ክትባት በሐኪሙ ውሳኔ ሊቋረጥ ይችላል። ውሻው የማን እንደሆነ ካልታወቀ ግን ይህ መንገድ ይዘጋና ተጎጂው ክትባቱን እስከ መጨረሻው መውሰድ፣ ቤተሰቡም ሳምንታትን በስጋት ማሳለፍ ግድ ይሆንባቸዋል። (ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ሳላሳስብ ባልፍ ደስ አይለኝም። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በወራጅ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብና በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ በማንኛውም ሁኔታ ግዴታ ነው፤ የውሻውን ማንነት አጣርተን እንሄዳለን ብሎ መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል።)

በሽታው ወደ ሰው ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክት ሳያሳይ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል፤ አንዴ ምልክቱ ከታየ ግን የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ የሚሞቱ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎችም እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ከውሻ የሚመጡ ናቸው። ሲመዘገብ የተሰጠው ቁጥር አንገቱ ላይ ያለበት ውሻ ልጅን ቢነክስ፣ ያየ ሰው ቁጥሩን ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይደውላል፤ የመዝገቡ ሠራተኛም ባለቤቱ ማን እንደሆነና ክትባቱ መቼ እንደተሰጠ በደቂቃዎች ውስጥ ለሐኪሙ ሊነግረው ይችላል። ለእኔ የምዝገባ ዋነኛ ጥቅም ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ተከታይ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ስለ ቁጥር ነው። በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚያደርገውን ጉዞ ለመግታት ከአንድ አካባቢ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት መከተብ እንዳለባቸው በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ይሁንና ስንት ውሻ እንዳለ የማያውቅ አስተዳደር ሰባ በመቶ መድረሱን በምን ያውቃል? የክትባት ዘመቻ ተደርጎ በሪፖርቱ ላይ የተከተቡት ውሾች ብዛት ብቻ ሲጻፍ፣ የዚያን ቁጥር ትርጉም ሊነግረን የሚችለው ያልተከተቡት ብዛት ነው። በዚያ ላይ የውሻ ዕድሜ አጭር ነው፤ በየዓመቱ የተከተቡት ይሞታሉ፣ ያልተከተቡ ቡችሎች ይወለዳሉ። ዘንድሮ የተገኘው ሽፋን ለከርሞ ሊወርድ ስለሚችል፣ በየጊዜው የሚታደስ መዝገብ ከሌለ መውረዱን እንኳ የሚያስተውል አይኖርም።

ምዝገባና ክትባት ተቆራኝተው ሲሠሩ ምን ሊገኝ እንደሚችል ከጃፓን ታሪክ መመልከት ይቻላል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣችው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ሕግ የውሻን ምዝገባና ክትባት በአንድ ላይ አስገዳጅ አደረገች፤ ባለቤት የሌላቸውን ውሾችም መያዝ ጀመረች። ሕጉ በወጣ በ7 ዓመት ውስጥ፣ በ1957፣ የመጨረሻው የአገር ውስጥ የእንስሳት ሕመም ተመዘገበ፤ ከዚያ ወዲህ በሰው ላይ የታዩት ጥቂት ሕመሞች በውጭ አገር ተነክሰው የገቡ ሰዎች ናቸው። ዛሬም እዚያ ቡችላ 90 ቀን ከሞላው በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ ለአካባቢው አስተዳደር መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው በውሻው ዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ሲሆን በየዓመቱ የሚታደሰው ክትባቱ ነው። ውሻው ሲሞትም ባለቤቱ ያሳውቃል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲለው እሻለሁ፤ የሞተ ውሻ የማይሰረዝበት መዝገብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚቆጥረው በሕይወት የሌሉትን ነውና።

አሁን የአስተያየት ሰጪውን የግብር ቅሬታ እመለስበታለሁ፤ እርሳቸውን የሚደግፍ ምሳሌም አለ። በብሪታንያ ውሻ እ.ኤ.አ. በ1796 ግብር ተጣለበት፤ በኋላም ወደ ፈቃድ ተለወጠ። በ1878 የተወሰነው የ7 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ ክፍያ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ፣ ፈቃዱ በ1987 ሲቀር በአዲሱ የገንዘብ አቆጣጠር 37 ፔንስ ብቻ ነበር። ፈቃዱን ለማስተዳደር የሚወጣው ገንዘብ ከሚሰበሰበው በልጦ ነበር፤ ብዙ የውሻ ባለቤቶችም ጨርሶ ፈቃድ አያወጡም ነበር። ወረቀቱ ገንዘብ መከፈሉን ከማረጋገጥ በቀር ስለ ውሻው ጤና የሚናገረው ነገር አልነበረም፤ ከክትባትም ሆነ ከሌላ አገልግሎት ጋር ስላልተያያዘ ሲሰረዝ ብዙ ሰው አላዘነለትም። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ማንኛውም ውሻ ማይክሮ ቺፕ (ከቆዳ ሥር የምትቀበር፣ መለያ ቁጥር የያዘች ትንሽ መሣሪያ) እንዲገባለትና የባለቤቱ አድራሻ በመረጃ ቋት እንዲያዝ በሕግ ተደንግጓል። በፊተኛው በር የወጣው ምዝገባ በሌላ በር ተመልሷል። ፈቃዱን ፈጽሞ ያልሰረዘችው ሰሜን አየርላንድ በበኩሏ ለተኮላሹ ወንዶችና ለመከኑ ሴት ውሾች ክፍያውን ዝቅ አድርጋ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ፈቃዱን ከማይክሮ ቺፑ ቁጥር ጋር አያይዛ ቀጥላለች።

ስለዚህ ክፍያው አነስተኛ ይሁን፤ የመጀመሪያው ምዝገባ ቢቻል በነጻ ይሁን፤ ዓይነ ስውራንን ለሚመሩ ውሾችም ጭራሽ ክፍያ መጠየቅ ተገቢ አይደለም። እንዳይራባ የተደረገ ውሻ ለሚያሳድግ ሰው ቅናሽ ማድረግ ግን ያልተፈለጉ ቡችሎች በየመንገዱ የሚጣሉበትን ዋና ምክንያት ስለሚነካ፣ በእኔ ግምት አስተዳደሩ ከዚህ የተሻለ የሚተወው ገቢ የለም። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛትም በዚሁ መንገድ ትሠራለች፤ ለመከነ ውሻ የሚከፈለው ላልመከነው ከሚከፈለው በእጅጉ ያነሰ ነው።

ስለ ማይክሮ ቺፕ በየቦታው የሚነገሩ የተዛቡ ነገሮች ስላሉ ጥቂት ልበል። ቺፑ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ በመርፌ ከቆዳ ሥር የምትገባ ነገር ናት። ባትሪ የላትም፤ ውሻው የት እንዳለም አታሳይም፤ ባለቤቱን ለመሰለል አታገለግልም። የያዘችው 15 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ እርሱም የሚነበበው ልዩ ማንበቢያ መሣሪያ ሲቀርብላት ነው። የባለቤቱ ስምና ስልክ ያለው በመዝገቡ ላይ እንጂ በቺፑ ውስጥ አይደለም። ከዚህ የምንረዳው፣ ባለቤቱ ቤት ሲለውጥ ወይም ስልኩን ሲቀይር ለመዝገቡ ካላሳወቀ ቺፑ ለማንም የማይጠቅም ቁጥር ሆኖ እንደሚቀር ነው። ውሻው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ የቀድሞው ባለቤት ስም በመዝገቡ ላይ እንዳለ የሚገኝበት አጋጣሚ ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት የአንገት ቁጥሩን ተራ ነገር አድርጎ መተው አይገባም፤ ማንበቢያ መሣሪያ የሌለው ጎረቤት ሊያነበው የሚችለው እርሱን ብቻ ነው።

«ውሻዬ ከግቢ አይወጣም» የሚለው መከራከሪያ በር እስኪዘነጋ ድረስ የሚሠራ ነው። ርችትና ነጎድጓድ አጥር ያዘለሉት ውሻ ብዙ ነው፤ ለወራት ታስሮ የኖረ ጠባቂ ውሻ ሲያመልጥ ደግሞ መንገድ ከለመደው ይልቅ የሚያስፈራው እርሱ ነው። ንክሻም ከግቢ ውጭ ብቻ አይደርስም፤ እንግዳ፣ ቆጣሪ አንባቢና የጎረቤት ልጅ የሚነከሱት በግቢ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ቅሬታ ከሁሉም የከበደ ነው። ባለቤት አልባ ውሾችን በምዝገባ ብቻ መቆጣጠር እንደማይቻል አምናለሁ፤ እነርሱን በያሉበት መከተብና የተከተቡትን በቀለም ወይም በአንገት ማሰሪያ መለየት የራሱ ዘመቻ የሚሻ ሥራ ነው። ሆኖም ባለቤት አልባ ከምንላቸው ውስጥ ብዙዎቹ ማታ የሚገቡበት ደጃፍ አላቸው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ የሚጮኽለት ቤት ያለው ውሻ ተጠያቂ ባለቤትም አለው። ያ ባለቤት ውሻውን ያላስመዘገበው ምናልባት ጽሕፈት ቤቱ ስለራቀበት፣ ወይም ስሙን ቢያስመዘግብ ቅጣት የሚከተለው ስለመሰለው ነው። ውሾችን በጅምላ መግደልም መፍትሔ አይሆንም፤ ከሚገደሉት መካከል የተከተቡትም ስለሚኖሩ ሽፋኑን ይቀንሰዋል፤ የሞቱትን ቦታም ሳይቆይ ያልተከተቡ ቡችሎች ይሞሉታል። ሰዎች መዝገቡን ለመያዣና ለመግደያ የሚውል ዝርዝር አድርገው ካዩት ደግሞ ውሻቸውን ይደብቃሉ፤ ተደብቆ የኖረ ውሻም ክትባት አያገኝም።

ለምዝገባው ኃላፊነት ያለባቸው አካላት ጥቂት ነገሮችን እንዲያጤኑ እጠይቃለሁ። ምዝገባውና ክትባቱ በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ ይሰጡ፤ ውሻ ይዞ ሁለት ጊዜ የሚሰለፍ ሰው አይገኝምና። የክትባት ዘመቻ ሲደረግ መዝጋቢው ከእንስሳት ሐኪሙ ጎን ተቀምጦ የባለቤቱን ስምና አድራሻ፣ የውሻውን ጾታ፣ ቀለምና ዕድሜ እዚያው ይጻፍ። የአድራሻ ለውጥና የውሻ ሞት በስልክ ብቻ ማሳወቅ ይቻል። አዲስ ደንብ ሲወጣ ቅጣት የማይጣልበት በቂ የመመዝገቢያ ጊዜ ይሰጥ። የንክሻ ጉዳይ ሲደርስም ከጤና ተቋማት የሚመጣ ጥሪን በማታና በበዓል ቀን ጭምር ተቀብሎ መዝገቡን የሚያይ ተረኛ ሠራተኛ ይመደብ።

የጋዜጣው ዝግጅት ክፍልም የምዝገባውን ቦታ፣ የሚያስፈልጉ ሰነዶችንና የክትባት ቀናትን በየጊዜው ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት እየጠየቀ በዚሁ ገጽ ቢያወጣልን፣ እኔም ሆንኩ ቅሬታ ያቀረቡት አንባቢ ክርክራችንን ትተን ውሾቻችንን ይዘን የምንሄድበትን ቀን እናውቅ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የውሻ ባለቤት