ለመኪና ሲሊኮን ከመቀባት በፊት ውሃው የገባበት ይፈለግ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምት በቀረበ ቁጥር ጋዜጦችና ሬዲዮኖች ስለ ጎማ፣ ስለ ፍሬንና ስለ ዝናብ መጥረጊያ አሽከርካሪዎችን ያሳስባሉ፤ ደግ ያደርጋሉ። ዝናቡ መኪናው ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚደረግ የሚነግረን ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። በጅማ የሚወርደው ዝናብ በዓመት 1500 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ይህም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1500 ሊትር ውሃ ማለት ነው። አንዲት የቤት መኪና 7 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ስለምትሸፍን፣ ደጅ የምታድር ከሆነ በዓመት ከ10000 ሊትር በላይ ውሃ ይወርድባታል። ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ስለሆንሁ ማስላት ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ፣ ሌላው ሰው ነገሩን የሚያውቀው ጠዋት የራሰ ምንጣፍ ሲረግጥ ነው። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ክረምት ይጠብቃቸዋል።

የእኔዋ አሮጌ ኮሮላ ባለፈው ክረምት በፊተኛው ተሳፋሪ እግር ሥር ውሃ ማቆር ጀመረች። የወሰድኋት ጋራዥ ባለሙያ ዙሪያዋን እንኳ በቅጡ ሳያይ «የፊት መስታወቱ ነው» አለና ጠርዙን ሲሊኮን ቀባው፤ ከፈልሁ። በሳምንቱ ዘነበ፤ ምንጣፉ ራሰ። ተመልሼ ስሄድ በፊተኛው ላይ ሌላ ሲሊኮን ደረበበት፤ ለዚህም ከፈልሁ። ብዙም ሳይቆይ የበሮቹ ቁልፍ በራሱ ይከፈትና ይዘጋ ጀመር፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው የሽቦ መገናኛ ረጥቦ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ነበር። ከዚህ በኋላ ጋራዥ መመላለሱን ትቼ ከእህቴ ልጅ ጋር በግቢያችን ውስጥ ፍለጋውን ራሳችን ያዝነው። ይህን የምጽፈው ባለሙያውን ለመክሰስ አይደለም፤ ኋላ ያነጋገርኋቸው በርካታ የመኪና ባለቤቶች እንደ እኔው ሲሊኮን ሲያስደርቡ የከረሙ ሆነው ስላገኘኋቸው ነው።

ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያደገ የጅማ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ጠብታው አልጋ ላይ ስለወደቀ ቀዳዳው ከአልጋው በላይ ነው ማለት አይደለም፤ ውሃው በምስማር ቀዳዳ ይገባና እንጨቱን ተከትሎ ሁለት ሦስት ክንድ ከሄደ በኋላ ነው የሚንጠባጠበው። መኪናም እንዲሁ ነው። ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ላይ ዕቃ መጫኛ) በታሰረበት የብሎን ቀዳዳ የገባ ውሃ ከጣሪያው ጨርቅ በላይ ተንሸራቶ፣ በበሩ ምሰሶ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ወለል ላይ ይገኛል፤ ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ ደግሞ ያንኑ ውሃ መጦ ከፊት ወደ ኋላ ያሻግረዋል። ስለዚህ ምንጣፉ የራሰበት ቦታ የውሃውን መውጫ እንጂ መግቢያውን አይነግረንም።

ከሁሉ አስቀድሞ ውሃው የዝናብ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በደረቅ ቀን ማቀዝቀዣው ሲሠራ ብቻ የሚታይ ንጹሕ ውሃ ከሆነ፣ የማቀዝቀዣው ማፍሰሻ ቱቦ ተደፍኗል ማለት ነው። ፈሳሹ ቀለም ካለው፣ ሲነኩት ከሙለጨለጨና ጣፋጭ ሽታ ከሸተተ፣ የራዲያተሩም ውሃ እየጎደለ ከሄደ፣ ጥፋቱ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው የማሞቂያ ራዲያተር ስለሆነ ለዝናብ የሚደረገው ፍለጋ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

የዝናብ ከሆነ ሁለት ሰውና አንድ የውሃ ጎማ ይበቃል። አንደኛው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላው ውጭ ሆኖ ውሃውን ያለ ግፊት ያፈስሳል። ላቫጆ ቤት ወስዶ በግፊት ማስረጨት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በዚያ ኃይል የሚመጣ ውሃ ደህናውንም የበር ጎማ አልፎ ሊገባ ስለሚችል ያልተበላሸውን ያስወቅሳል። ዋናው ብልሃት ከታች መጀመር ነው። ከላይ ከተጀመረ ውሃው በወረደበት ሁሉ ስለሚገባ የትኛው ቦታ እንዳስገባው መለየት አይቻልም። በበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማፍሰስ፣ ካልገባ ወደ መስታወቱ ግርጌ፣ ከዚያም ወደ ጣሪያው እያሉ መውጣት ይገባል፤ ሲሠራ ግን ትዕግሥት ይፈታተናል፣ የእህቴ ልጅ ሁለት ጊዜ ጥሎኝ ሊሄድ ነበር። እኛ ምንጣፉን ገልጠን ወለሉ ላይ አሮጌ ጋዜጣ አነጠፍን፤ ጋዜጣ ጠብታ የነካው ቦታ ወዲያውኑ ስለሚጠቁር (ይቅርታ ይደረግልኝና) ከማንበብ ቀጥሎ የተሻለ አገልግሎት አላየሁለትም።

የእኔዋ መኪና መስታወት ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ የነበረው ከኮፈኑና ከፊት መስታወቱ መካከል፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ ከቆሙበት የፕላስቲክ ሽፋን ሥር ባለው ቦይ ነበር። ከመስታወቱ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ወደዚህ ቦይ ገብቶ በሁለቱ ጎኖች ባሉ ቀዳዳዎች ወደ መሬት ይፈስሳል። መኪናዋ የምታድረው ከአቮካዶ ዛፍ ሥር ስለሆነ፣ ቅጠሉ በሽፋኑ ክፍተት እየገባ በስብሶ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸው ኖሯል፤ ውሃውም መሄጃ ሲያጣ ሞልቶ በነፋስ ማስገቢያው በኩል ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ሁለት እፍኝ ጭቃና ቅጠል አወጣን። ዋጋው ጥቂት ብሎን መፍታት ብቻ ነበር።

የበሮች ጉዳይ ሌላ ነው። በበር መስታወትና በጎማው መካከል የሚገባ ውሃ በበሩ ሆድ ወርዶ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች እንዲወጣ ሆኖ ነው መኪና የሚሠራው፤ ከበሩ የውስጥ ሽፋን ጀርባ ያለው ላስቲክም ይህ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይመለስ ይከለክላል። ቁልፍ ወይም የመስታወት ማውጫ የሚጠግን ሰው ላስቲኩን ቀድዶ ሳይመልሰው ከሄደ፣ ባትላሜራ ሠሪውም ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ወይም በቀለም ከደፈናቸው፣ በሩ ሲዘጋ እንደ እንስራ ይንቦጫቦጫል። ወፍራም ላስቲክ ቆርጦ በሚያጣብቅ ማስቲሽ ዙሪያውን መልሶ መለጠፍ ማንም የሚችለው ሥራ ነው። የበሩን ጎማ ለመፈተን ደግሞ የጋዜጣ ቁራጭ በበሩ ጠርዝ ላይ አድርጎ በሩን ዘግቶ መሳብ ነው፤ ያለ ምንም ትግል የሚወጣበት ቦታ ጎማው የሞተበት ነው። ጣሪያቸው የሚከፈት መኪኖች በምሰሶዎቹ ውስጥ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አላቸው፤ እርሱ በለስላሳ የናይለን ክር ይጠረግ እንጂ በኮምፕረሰር አይነፋ፤ ቱቦው ከመያዣው ሊወልቅ ይችላል።

በእርግጥ መስታወቱ የሚያስገባበት ጊዜ አለ፣ በተለይ ተቀይሮ የነበረ ከሆነ። ያን ጊዜም ቢሆን መስታወቱ ወጥቶ፣ የላሜራው ዝገት ተፍቆና ተቀብቶ፣ ለመኪና መስታወት በተሠራው ማጣበቂያ ነው መመለስ ያለበት። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ተራ ሲሊኮን ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ የተራቆተ ላሜራን ያዝጋል፤ ቅሪቱ በላዩ ካለ ደግሞ ትክክለኛው ማጣበቂያ አይዝም። ስለዚህ ያለ ፍተሻ የተቀባ ሲሊኮን የነገውንም ጥገና ያበላሻል።

ቀዳዳው ከተገኘ በኋላ ማድረቁ ሊዘነጋ አይገባም። ምንጣፉ ከላይ ደርቆ ስፖንጁ ለሳምንታት ውሃ እንደያዘ ሊቆይ ይችላል፤ ሽታው፣ ሻጋታውና የወለሉ ዝገት ከዚያ ነው የሚመጣው። መቀመጫ ማንሳት ካስፈለገ ከሥሩ የኤርባግ ሽቦ ሊኖር ስለሚችል አስቀድሞ የመኪናው ባትሪ ይነቀል። እኔ ስፖንጁን አውጥቼ ቡና እንደምናሰጣው ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ እያገላበጥሁ አደረቅሁት፤ በሐምሌ ፀሐይ ስለማይገኝ አምስት ቀን ፈጅቷል።

የጋራዥ ባለቤቶችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ውሃ ለማስቆም ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት ውሃው የገባበትን ለባለ መኪናው በዓይኑ ያሳዩት፤ ሲጨርሱም በዚያው ቦታ ላይ ውሃ አፍስሰው ያስረክቡት። እኛም ይህ ሳይደረግ አንክፈል። የእኔዋ መኪና አሁን ከፊት ደርቃለች፤ ከኋላ ግን በቀኙ መብራት በኩል ጥቂት ታስገባለች። የመብራቱን ጎማ በጅማ መርካቶ ፈልጌ ስላጣሁ ለጊዜው ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጬ አድርጌበታለሁ፤ መያዝ አለመያዙን የምናየው ሰኔ ሲገባ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ መምህር
ጅማ፣ ሄርማታ