ጢንዚዛን በፈንገስ

ሰላም ለሁላችሁ፣

ዛፍ የሚጎዳን ጢንዚዛ በፈንገስ ስለመግደል ለጠየቃችሁ፣ ይኸው።

ብዙ የሚሠራበት ፈንገስ ቦቬሪያ ባሲያና ይባላል። ባሲያና የሚለው ስም የመጣው ከጣሊያናዊው አጎስቲኖ ባሲ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1835 የሐር ትልን የሚፈጀው ነጭ በሽታ ከፈንገስ እንደሚመጣ አሳይቷል። ፈንገሱ ካልተበላ አይሠራም ብላችሁ አታስቡ። እንደ ዘር የሚያገለግለው ቅንጣቱ የነፍሳቱ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ ይበቅላል፣ ቆዳውን አሟሙቶ ይገባል። ከቀናት በኋላ ጢንዚዛው ሞቶ ይደርቃል። እርጥበት ካገኘ ደግሞ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

እኔ የወደድኩት የጃፓኖቹን ዘዴ ነው። ከሰሜን አሜሪካ የገባ፣ በዓይን የማይታይ ትል የፓይን ዛፎቻቸውን ፈጀባቸው። ትሉን ከዛፍ ዛፍ የሚያዞረው ግን የአገራቸው ጢንዚዛ ነው። እነሱም የታመመውን ዛፍ ይቆርጣሉ፣ ፈንገስ ያደገበትን ጨርቅ ግንዱ ላይ ያደርጋሉ፣ ከዚያ በሸራ ይሸፍኑታል። ከግንዱ የሚወጣው ጢንዚዛ ጨርቁን መንካቱ አይቀርም። በቃ፣ አለቀለት! ርጭት የለ፣ ጭምብል የለ።

ችግሩ ፀሐይ ነው። ጨረሩ ቅንጣቱን ቶሎ ይገድለዋል። ድርቀትም አይስማማውም። ስለዚህ የሚረጭ ካለ ማምሻ ላይ ይሁን። ከፀረ ፈንገስ መድኃኒት ጋር ደግሞ እንዳትቀላቅሉት፤ ገንዘባችሁን መድፋት ነው።

ጫካ ውስጥ ነጭ ዱቄት የለበሰ የሞተ ጢንዚዛ ካያችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።