«ሌላ» የምትለው ቃል ማስተርስ አስጀመረችኝ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትም አንድ አንባቢ ስለ ቴክኖሎጂ ማኔጅመንት ማስተርስ የጻፉትን ደብዳቤ አነበብኩ። ነገሩን ሲቋጩት «ኢንጂነሩን ከመፍቻው ነጥሎ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ወረቀት ነው» ብለዋል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ትንሽ ከፋኝ፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ስለ ቀሪው ግማሽ ግን የምለው አለኝ።

እኔ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል የምሠራ መካኒካል ኢንጂነር ነኝ። ማስተርሱን የጀመርኩት 9 ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። ዕድገት አላሰብኩም ብል ውሸቴን ነው። የቅርብ አለቃዬ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር፤ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። እግሬን ወደ ምዝገባ ያስኬደው ግን ሌላ ነገር ነው። ቃል በቃል «ሌላ» የሚባል ነገር።

ፋብሪካችን የጥገና ሥራ የሚመዘገብበት ሶፍትዌር ገዝቶ ነበር። ስፔሲፊኬሽኑን፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ምን ምን መሥራት እንዳለበት የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማሽን ሲበላሽ ቴክኒሻኑ ታብሌቱን ይከፍታል፤ የብልሽቱን ዓይነት ከዝርዝር ይመርጣል፤ የቀየረውን ዕቃ ይሞላል፤ ሥራውን ይዘጋል። በወሩ መጨረሻ የትኛው ማሽን ለምን እንደሚቆም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም።

ከስምንት ወር በኋላ ሪፖርቱን ስብሰባ ላይ ከፈትኩት። ከአሥር ብልሽት ሰባቱ ላይ፣ «ምክንያት» በሚለው ሥር የተሞላው አንድ ቃል ነው፦ «ሌላ»። ሰማያዊው ዓምድ ስክሪኑን ሞልቶ ተገትሯል። ሌሎቹ ከሥሩ የተበተነ ፍርፋሪ ይመስላሉ። «ሌላ ማለት ምን ማለት ነው?» ተባልኩ። ምን ልበል?

ብግን ብዬ ወደ ወርክሾፑ ወረድኩ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ቴክኒሻን አሉ። ታብሌቱ ከነላስቲኩ መሳቢያቸው ውስጥ ተኝቷል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ደብተር ነው፤ ጥጋጥጉ ግሪስ የጠጣ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተጣበቀ። «ጋሼ፣ ለምንድን ነው በደንብ የማይመዘግቡት?» አልኳቸው፣ ኮስተር ብዬ። አልተቆጡም። ደብተሩን ወደ እኔ አዞሩት። በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «3 ቁጥር ፓምፕ። ከጀርባው ያፏጫል። ሲሞቅ ይተዋል። ኩሽኔታው ሁለት ሳምንት ይቆያል።»

«እስቲ ልጄ፣ ማፏጨት ያንቺ ዝርዝር ውስጥ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

የለም። 40 ዓይነት ብልሽት ዘርዝሬ ድምፅ የሚባል ነገር አላስገባሁም። የጥገና ሰው ግን ማሽንን የሚያውቀው በጆሮው ነው። በዚያ ላይ አንድ ሥራ ለመዝጋት 14 ቦታ መሙላት ያስፈልጋል፣ ያውም ጓንት ለብሶ፣ ማሽኑ ቆሞ፣ የምርት ኃላፊው ከጀርባ ቆሞ «አለቀ?» እያለ። «ሌላ» ብሎ መገላገል አይሻልም? እኔም ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ ያኔ አልተቀበልኩም። ክፍል የገባሁት «ሰዎቹ ለውጥ አይወዱም» የሚል ቂም ይዤ ነው። በሁለተኛው ሳምንት መምህሩ፣ አዲስ ነገር በሰዎች መካከል እንዴት እንደሚስፋፋ ያጠኑት አሜሪካዊው ምሁር ኤቨሬት ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተሙትን የታወቀ ክፍፍል ሰሌዳ ላይ ሳሉልን። አዲስ ነገር ሲመጣ ቀድመው የሚገቡበት 2.5 በመቶ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ እየተጎተቱ የሚመጡት 16 በመቶ። እኔ ደብተሬ ላይ፣ 16 በመቶው አጠገብ፣ «ጋሼ» ብዬ ጻፍኩ። ደስ አለኝ። ሳይንስ ፈረደልኝ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ግን ሮጀርስ ራሳቸው ጉድ ሠሩኝ። አንድ አዲስ ነገር ቶሎ የመለመዱ ጉዳይ በሰዎቹ ጠባይ ብቻ አይወሰንም፤ ነገሩ ራሱም ይጠየቃል። ከነበረው ይሻላል ወይ? ሰዎቹ ከለመዱት አሠራር ጋር ይሄዳል? ይከብዳል? ሙሉ በሙሉ ሳይገቡበት በትንሹ መሞከር ይቻላል? ውጤቱስ ዓይን ላይ ይታያል? አምስት ጥያቄ። ስፔሲፊኬሽኑን ስጽፍ ከአምስቱ አንዱንም አልጠየቅሁም። ስለ ራም እና ስለ ባትሪ ዕድሜ ግን ሁለት ገጽ አለኝ። «ጋሼ» የሚለውን ሰረዝኩት።

አንጀቴን የበላኝ ደግሞ የኤሌክትሪክ ታሪክ ነው። ድሮ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ የእንፋሎት ሞተር ነበር። ጣሪያ ሥር የተዘረጋ ረጅም ዘንግ ያዞራል፤ ከዘንጉ በቀበቶ እየወረደ እያንዳንዱን ማሽን ያንቀሳቅሳል። የኤዲሰን የኃይል ማመንጫ በኒውዮርክ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ታዲያ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ምን አደረጉ? የእንፋሎቱን ሞተር አንሥተው በቦታው ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር ተከሉ። ዘንጉም ቀበቶውም እንዳለ ቀረ። ትልቁ ለውጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው፤ ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱ ሞተር ሲሰጠው፣ የፋብሪካው አቀማመጥም እንደገና ሲታሰብ። ወደ 40 ዓመት ገደማ ማለት ነው። ኮምፒውተር በየቢሮው ገብቶ ሳለ ምርታማነቱ ለምን አይታይም ተብሎ በሚጠየቅበት ጊዜ፣ የምጣኔ ሀብት ታሪክ ምሁሩ ፖል ዴቪድ እ.ኤ.አ. በ1990 ይህንኑ ታሪክ አንሥተው ነበር። እኔ ያደረግሁትም ያው ነው። የወረቀቱን ፎርም ወስጄ ታብሌት ላይ ጫንኩት። ከዚያ ጥቂት ሳጥን ጨመርኩበት።

ሁሉም ኮርስ እንዲህ ነበር ማለቴ አይደለም። የካሜራ ፊልም አምራቹ ኮዳክ ሳይሞት ያለፈ ሴሚስተር የለም። የኩባንያው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1975 ዲጂታል ካሜራ ሠራ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በየኮርሱ አዲስ ስላይድ፣ ያው ሬሳ። የፋይናንሱ ኮርስ ግን አንገቴን አስደፍቶኛል። የሶፍትዌሩን መግዣ እንጂ የየዓመቱን ክፍያ፣ ሥልጠናውን፣ የሚሰበረውን ታብሌት ማን አሰበው?

አሁን ደብዳቤ ጸሐፊው ወዳሉት ልመለስ። ያልተመቸኝ ነገር አለ፤ እሱም መመረቂያ ጽሑፉ ነው። አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ መጠይቅ በተኑ። «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ለመወሰን እቸገራለሁ» የሚለውን ማለቴ ነው። እኔም የጓደኞቼን ሞልቻለሁ፤ አንዱን ሊፍት ስጠብቅ፣ ሌላውን ስልክ እያወራሁ። አንዷን ጨርሼ ስመልስ፣ ስለማላውቀው ሲስተም 32 ጥያቄ «እስማማለሁ» ማለቴ ትዝ አለኝ። ከዚህ የሚወጣ አሃዝ የትኛውን ማሽን ያስነሣል?

ለዚህ የአማካሪዬ ውለታ አለብኝ። የመጠይቄን ረቂቅ አዩና «ይህን ተዪው፤ ወርክሾፕ ሄደሽ ተቀመጪ» አሉኝ። ሦስት ወር ተቀመጥኩ። የጋሼን ደብተርና የሶፍትዌሩን መዝገብ ቀን በቀን አስተያየሁ። ያችን «ሌላ» አንድ በአንድ ፈታኋት። ግማሽ ያህሉ ድምፅ፣ ሙቀትና ሽታ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ትምህርቱ ባዶ ወረቀት የሚሆነው ባዶ እጅ ሲገቡበት ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ ቀጥታ የመጡ ልጆች ከእኔ ይበልጥ ፈጣኖች ነበሩ፤ ፈተናም ላይ ይበልጡኛል። ነገር ግን የሮጀርስን አምስት ጥያቄ የሚፈትሹበት ነገር አልነበራቸውም። ተቋማቱ ሲቀበሉ ውጤትና የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። አንድ ገጽ ቢጨምሩስ? «ሠርተህ ወይም አሠርተህ ያልሠራልህን ነገር ጻፍ» ቢሉ። የሚጽፈው የሌለው ሰው ሁለት ዓመት ሠርቶ ይምጣ፤ አይዘገይም።

ስለ ወንበሩም እንግዲህ ልንገርዎ። አለቃዬ ጡረታ ወጡ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ አሁንም ቱታዬን እለብሳለሁ፤ እጄ ግን ትንሽ እንደለሰለሰ አልክድም።

ሶፍትዌሩን አልጣልነውም። 14ቱ ቦታ ወደ 4 ወረደ። የማሽኑን ድምፅ የሚቀዳ አንድ ትልቅ ቀይ ቁልፍ ገባበት፣ በጓንት የሚጫን። መጀመሪያ የሞከሩት ጋሼ ናቸው። ቅጂውን ስከፍተው ፓምፑ ጨርሶ አይሰማም። የሚሰማው የእሳቸው ድምፅ ብቻ ነው፦ «ይሄ ነገር አሁን እየቀዳ ነው ወይስ ዝም ብሎ ነው?»

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጥገና ኢንጂነር