ሁሉን ነገር በመብራት አናሳብብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የራጅ ማሽን በቆመ ቁጥር «መብራት ሄዶ ሲመጣ አቃጠለው» ይባላል። እናንተም እንደዚያው ትጽፋላችሁ። እኔ የባዮሜዲካል ጥገና ባለሙያ ነኝ። መብራቱ ንጹሕ ነው አልልም፤ ያለ ስታቢላይዘር የሚሠራ ማሽን ፍዳውን ሲያይ ተመልክቻለሁ። ግን ከሞቱ በኋላ አውጥቼ ካየኋቸው ቲዩቦች (ጨረሩን የሚያመነጨው የማሽኑ ክፍል ነው) ብዙዎቹን የገደላቸው አያያዝ ነው።

ቲዩቡ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስታወት ዕቃ ነው። ዙሪያውን ዘይት አለ፤ ያቀዘቅዘዋል፣ ከፍተኛው ቮልት ወደ ውጭ እንዳይዘልም ያግዳል። ከዚያ ውጭ በእርሳስ የተለበጠ የብረት ቤት አለው። ውስጡን ካያችሁት በአንድ በኩል እንደ ድሮ አምፖል የምትግል የተንግስተን ሽቦ አለች፤ ፊላመንት እንላታለን። ስትግል ኤሌክትሮኖች ይለቃሉ። ፊት ለፊቷ አኖዱ አለ፤ ጠርዙ ዘንበል ያለ ዲስክ ነው። በሁለቱ መካከል 70 ወይም 80 ሺህ ቮልት ሲለቀቅ ኤሌክትሮኖቹ ተወርውረው ዲስኩ ላይ ይላተማሉ። ከዚህ ሁሉ ጉልበት ራጅ የሚሆነው 1 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው በሙሉ ሙቀት! ዲስኩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ያህል የሚሽከረከረውም ለዚሁ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ቢመታ፣ 3400 ዲግሪ ድረስ ሳይቀልጥ የሚቆየው ተንግስተን እንኳ አይችለውም።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ዲስኩ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ኩሽኔታ ነው። አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ግሪስ ተንኖ ቫኩሙን ያበላሻል። ስለዚህ ኳሶቹ በስስ ብር ወይም እርሳስ ይለበጣሉ። ያ ሽፋን ካለቀ አለቀ፤ መጨመር የለም። ዲስኩ ፍጥነቱን ቀንሶ ሲቆም ድምፁን ጆሮዬን ጥዬ የምሰማው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የራጅ ማንሻ ቁልፉ ሁለት ደረጃ አለው። ግማሹን ስትጫኑ ሽቦዋ እስከ መጨረሻው ትግላለች፣ ዲስኩም መሽከርከር ይጀምራል። ለዚህ አንድ ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ብዙዎች ግን ግማሹን ተጭነው ይዘው «እማማ፣ ትንሽ ወደ ግራ… ኧረ ትከሻዎን… በሉ አሁን አየር ይሳቡ!» ይላሉ። እማማ እስኪስተካከሉ ሽቦዋ እየተነነች ትሳሳለች፣ ኩሽኔታው በከንቱ ያልቃል። ትነቱ መስታወቱን ከውስጥ ያጠቁረዋል። አንድ ቀን ቮልቱ በዚያ ጥቁረት በኩል ይዘልና ጉዳዩ ያበቃል። መጀመሪያ በሽተኛውን ማስተካከል፣ ከዚያ መጫን፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ሌላው የጠዋቱ ነገር ነው። በደሴ ብርድ ያደረ ዲስክ ላይ በቀጥታ ከባድ የወገብ ራጅ ከተነሳ ይሰነጠቃል። አስቀድሞ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሳይኖር በዝቅተኛ መጠን ጥቂት ጊዜ ተነስቶ መሞቅ አለበት። አንድ ሆስፒታል ውስጥ አዲስ ቲዩብ ዓመት ሳይሞላው ተሰንጥቆ አገኘሁት። ለምን አታሞቁትም ስል «ወረፋው ብዙ ነዋ» አሉኝ። ሌላ ቲዩብ ከውጭ እስኪመጣ የሚኖረውን ወረፋ ማን ያስበው!

ስለ ራጅ ሲወራ ሁሉም ጨረሩን ያገኘውን ሬንትገንን ያነሳል። እኔ ግን ባርኔጣዬን የማነሳው ለዊልያም ኩሊጅ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ቲዩቦች ውስጣቸው በቀረች ጥቂት ጋዝ ስለሚሠሩ ጠባያቸው አይጨበጥም ነበር። ባለሙያዎቹ ጨረሩን በገዛ እጃቸው እየፈተኑ ጣታቸውን ያጡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1913 ኩሊጅ የጋለ ሽቦ አስገባበትና የጨረሩን መጠን ለብቻ፣ ጉልበቱንም ለብቻ መቆጣጠር ተቻለ።

ዘጋቢዎቻችሁ የቆመ ራጅ ማሽን ዜና ሲሠሩ እስቲ እነዚህንም ይጠይቁልን። ጠዋት የሚያሞቀው ማነው? ለመለዋወጫ ቲዩብ በጀት ተይዟል? ቁልፉን የሚጫነው ሰው ሥልጠና ወስዷል ወይስ ከጓደኛው እያየ ነው የለመደው?

የባዮሜዲካል ጥገና ባለሙያ፣ ከደሴ