ለደንበኞቻችን፦ ከአራት ወር ጀምሮ ያሉ ጨቅላዎችን ስለመቀበላችን

ደብረ ብርሃን

ውድ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ከመጪው መስከረም ጀምሮ የሕፃናት ማቆያችን አራት ወር የሞላቸውን ጨቅላዎች ይቀበላል፤ በራችንም ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል። እስካሁን የምንይዘው ዓመት ከመንፈቅ የሞላቸውን ብቻ ስለነበር ለምን እንዳሰፋነውና ክፍያው ምን እንደሚሆን ልናስረዳችሁ ይገባል።

ጥያቄው የመጣው ከእናቶች ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 የሥራ ቀን ነው። ያ ሲያልቅ ልጁ አራት ወር ገደማው ነው፤ የጤና ባለሙያዎች ደግሞ እስከ ስድስት ወር ከጡት ወተት በቀር ውኃም እንዳይቀምስ ይመክራሉ። መዋዕለ ሕፃናት ለመግባት ገና ዓመታት ይቀሩታል። አያት በቅርብ ያለችላት ታደለች። የሌላት ወይ ሥራዋን ትለቃለች፣ ወይ ልጁን ጡት ሳይጠግብ መንዝ ላሉት አያቱ ትሰዳለች፣ ወይ ራሷ ገና ልጅ ለሆነች ሞግዚት ትታው ትወጣለች። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲኖራቸው አዝዟል፤ ጉልት ለምትቸረችር ወይም ፋብሪካ በፈረቃ ለምትሠራ እናት ግን ይህ አይደርሳትም። እነዚህን እናቶች «ዕድሜው አልደረሰም» እያልን ከበር መመለስ ከብዶናል።

ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁን ስለ ወተቱ ነው። የታለበ የጡት ወተት ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ፣ የልጁ ስምና የታለበበት ሰዓት ተጽፎበት ይምጣ። እንደደረሰ ፍሪጅ ይገባል። ከፍሪጅ ውጭ ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ አናጠጣም። እሳት ላይ አንጥደውም፤ ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አቁመን እናለዝበዋለን። የምናጠጣው በትንሽ ሲኒ ነው፤ ጡጦ ለማጽዳት ያስቸግራል። ሥራዋ ቅርብ የሆነ እናት በምሳ ሰዓት መጥታ ብታጠባ ደስታችን ነው፤ ለዚህ ጸጥ ያለች ክፍል አዘጋጅተናል። ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ገንፎ፣ የተፈጨ አትክልትና እንቁላል እንጀምራለን። በጾም ወራትም ለሕፃናቱ እንቁላልና ወተት አናቋርጥም፤ ድስቱም ማንኪያውም ለየብቻ ነው።

ጨቅላዎቹ የሚውሉት ከትልልቆቹ ተለይተው ነው። የኩፍኝ ክትባት የሚጀመረው በዘጠነኛው ወር ስለሆነ ከዚያ በታች ያሉት አልተከተቡም፤ ትኩሳት ወይም ሽፍታ ያለበት ልጅ ቤቱ ይዋል የምንለውም ለእነሱ ስንል ነው። የከተማችንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ አጥንት ይሰብራል። እንዲያም ሆኖ ከሰል ወደ ክፍላቸው አይገባም፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለን፤ መብራት ሲጠፋ ጋቢ እንደርባለን። ስናስተኛቸው በጀርባቸው ነው፤ ፊታቸውንም አንሸፍንም። ፊት መሸፈን የለመዳችሁ እናቶች ይህን እንድትረዱልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ወደ ክፍያው ስንመጣ፣ አሁን ያሉት ልጆች ክፍያ በዚህ ዓመት አይጨምርም። የጨቅላዎቹ ግን ከፍ ይላል፤ ለትልልቆቹ አንዲት ሞግዚት ስምንት ልጅ ስትይዝ፣ ለጨቅላዎቹ ከሦስት በላይ እንድትይዝ አንፈቅድም። አራተኛውን ብንጨምርላት ክፍያው ይቀል ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ሳይጠባ ይቆያል። ጫናውን ለማቃለል ልጁን ግማሽ ቀን ብቻ አስውሎ የዚያኑ መክፈል ይቻላል፤ ደመወዝ በምትቀበሉበት ዕለት መክፈልም ይቻላል፤ ሁለተኛ ልጅ ላመጣ ወላጅ የሁለተኛው በግማሽ ነው። አሠሪያችሁ ከፊሉን ለመሸፈን ከፈቀደ አስፈላጊውን ደብዳቤ እንጽፋለን። የሌሊት ፈረቃ ልጆችን ግን ለጊዜው አንቀበልም፤ ሌሊቱን በንቃት የሚያድር በቂ ሰው ሳይኖረን አንሞክረውም።

ለመጀመሪያው ዙር ያለን ቦታ ለዘጠኝ ጨቅላ ብቻ ነው። ቅድሚያ የምንሰጠው የወሊድ ፈቃዷ ላለቀ እናት ነው። ምዝገባው ነሐሴ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ቢሯችን ይካሄዳል፤ ስትመጡ የክትባት ካርዱን አትርሱ። የ14ኛው ሳምንት ክትባት ያመለጠው ካለ አስቀድማችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ከአክብሮት ጋር፣
የማቆያው አስተዳደር